ከላይ ዘንቦ ከታች ሳይደርስ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለአማተር ሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች የጎርፍና የከባድ አየር ጠባይ ቅኝት መመሪያ

አቃቂ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ወንዙ በድንገት ሊደፈርስና ሊሞላ ይችላል። የከተማዋ መሬት ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘቀዘቀ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ሰንሰለት የሚወርደው ውሃ በግንፍሌ፣ በቀበናና በሌሎች ጅረቶች ተሰባስቦ ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል፤ በምዕራብ በኩል ከወጨጫና ከገፈርሳ አካባቢ የሚነሣው ደግሞ ትንሹን አቃቂ ይሞላል፤ ሁለቱም 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የደቡብ ሜዳ አልፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዶፍ ከወረደበት ሰዓት አንሥቶ ታችኛው ድልድይ ላይ ውሃው እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚተላለፍበት ጊዜ ነው፤ ይህ መመሪያ የተጻፈውም ያንን ጊዜ በአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለገቢ ሳይሆን በፍላጎታቸው በሚነጋገሩበት ሬዲዮ፣ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ለማሳየት ነው።

ላይ የዘነበው ታች ያለውን ሰው በእንቅልፉ እንደሚያገኘው ከድሬዳዋ በላይ ያሳየን የለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የደረሰው ደራሽ ጎርፍ፣ ውሃው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ የወረደ ሲሆን፣ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

መጀመሪያ የሥራ ድርሻን መለየት

የአየር ትንበያና ማስጠንቀቂያ የማውጣት ሥልጣን የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ በአዲስ አበባ የማዳኑን ሥራ የሚመራው ደግሞ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። በጎ ፈቃደኛው ትንበያ አይናገርም፤ «ዛሬ ማታ ጎርፍ ይመጣል» ማለት የእርሱ ሥራ አይደለም። የእርሱ ሥራ ዓይኑ ያየውን፣ መለኪያው ያሳየውን፣ በዚህ ቦታ በዚህ ሰዓት ሆነ ብሎ ማስተላለፍ ነው። በአሜሪካ የብሔራዊ አየር ጠባይ አገልግሎት ስካይዋርን በሚባለው መርሐ ግብሩ ከ350,000 እስከ 400,000 የሚደርሱ ሰዎችን አሠልጥኖ ያሰማራው ለዚሁ ነው፤ ራዳርና ሳተላይት ደመናውን ከላይ ያዩታል እንጂ ከድልድዩ ሥር ያለውን ውሃ ሴንቲ ሜትር በሴንቲ ሜትር አይቆጥሩትም። ከእነዚያ ሠልጣኞች መካከል የአማተር ሬዲዮ ባለፈቃዶች ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ ሬዲዮ ከመግዛት በፊት ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤትና ወደ ኮሚሽኑ ሄዶ ሁለት ጥያቄ ማንሣት ያስፈልጋል፦ ዘገባውን ማን ይቀበላል? በሌሊት ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ይያዝ። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ነው ወደ ኮሚሽኑ የአደጋ ጊዜ ስልክ 939 የሚደውለው። አንዱን ዜና ዐሥር ሰው ከደወለ ተቀባዩ ዐሥር ጎርፍ የመጣ ይመስለዋል፤ መስመሩም ለተቸገረ ሰው ይዘጋል።

ፈቃድ

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ በሬዲዮ ማሰራጨት ለበጎ ዓላማም ቢሆን ሕግ መተላለፍ ነው፤ መሣሪያውን ከውጭ ማስገባትም የራሱ ፈቃድ አለው፤ አንድ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ የሚያመጣው የእጅ ሬዲዮ ጉምሩክ ላይ ቢቀር ሊያስገርም አይገባም። በአገራችን የታወቀው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ አምስት ኪሎ የሚገኘውና ኢቲ3ኤኤ የሚል የጥሪ ስም ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ነው፤ ጀማሪ ሰው በዚህ ዓይነቱ ክበብ ውስጥ ባለፈቃድ እየተቆጣጠረው ቢለማመድ ይሻለዋል።

ፈቃዱ እስኪገኝ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አያስፈልግም። ከዚህ በታች ከተዘረዘረው ሥራ አብዛኛው፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ የነጥቦች ስም መስጠት፣ መልእክትን ማሳጠር፣ ሁሉም ያለ ሬዲዮ የሚከናወን ነው፤ ልምምዱም በተራ ስልክ ሊካሄድ ይችላል። በእኔ ግምት አንድ ሙሉ ክረምት በስልክ የሠራ ቡድን፣ በመጀመሪያው ቀን ዐሥር ሬዲዮ ከተሰጠው ቡድን ይበልጣል።

የመመልከቻ ነጥቦችን መምረጥና ስም ማውጣት

የተለመደው ስሕተት ሰው ሁሉ በሚኖርበት በታችኛው ሰፈር መሰባሰብ ነው። ጎርፉን ደጃፉ ላይ ሲያየው ማስጠንቀቅ ዋጋ የለውም። ቡድኑ አምስት ሰው ብቻ ካለው ሁለቱ ከላይ በኩል፣ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ ለግንኙነት ከፍ ያለ ቦታ ይያዝ፤ አንዱ በሚፈራው ድልድይ አጠገብ ይሁን፤ አምስተኛው ማዕከል ይሆናል። ከላይ የሚሆን የሚያውቁት ሰው ከሌለ በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ በኩል ይፈልጉ፤ ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ የውሃውን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ ስም ይውጣለት። «አቃቂ ሞልቷል» የሚል መልእክት ምንም አይናገርም፤ አቃቂ ትልቁ ወንዝ ነው፣ ትንሹ ወንዝ ነው፣ ሰፈሩም ነው፣ ክፍለ ከተማውም በዚሁ ስም ይጠራል። የታክሲ ማዞሪያ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የአንድ ሰው ግሮሰሪም አድራሻ አይሆንም፤ ግሮሰሪው ሲዘጋ አድራሻው አብሮ ይጠፋል። «ድልድይ አንድ»፣ «ድልድይ ሁለት»፣ «ኮረብታ»፣ «ማዕከል» ተብሎ ይሰየምና ነጥቦቹ በአንድ ወረቀት ካርታ ላይ ተጽፈው ለእያንዳንዱ አባል፣ ለወረዳውም ጭምር ይሰጥ።

ዝናብን መለካት

የዝናብ መለኪያ በቤት ውስጥ ይሠራል። ጎኑ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከትከሻው በታች ይቆረጥ፤ የተቆረጠው አፍ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ይግባበት። የጠርሙሱ ታች ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ይጨመርበትና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ይሞላ፤ ያ ቦታ ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ የተማሪ ማስመሪያ በፕላስተር ይለጠፍ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው፤ ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር የዘነበበት 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 2,000 ሊትር፣ ማለትም ዐሥር በርሜል ውሃ ወደ ዲቹ ለቅቋል። ይህን ስሌት ለጎረቤት ሲነግሩት መለኪያው ለምን እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይገባዋል።

መለኪያው ከግድግዳና ከዛፍ ይራቅ፤ በአጠገቡ ካለው ነገር ቁመት ቢያንስ እጥፍ በሆነ ርቀት ላይ ቢተከል ጥሩ ነው። በየቀኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ይነበባል፣ ይመዘገባል፣ እስከ ዜሮው ምልክት ድረስ ይደፋል። ዶፍ በወረደ ጊዜ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ ይታያል። ቡድኑ ለጅማሬ «በሩብ ሰዓት 10 ሚሊ ሜትር ካለፈ ለማዕከል ይነገር» ብሎ ሊስማማ ይችላል፤ ቁጥሩ ከአንድ ክረምት መዝገብ በኋላ ይስተካከላል።

በረዶ ሲጥል «ትልልቅ በረዶ» ማለት አይበቃም። አንዱ የበረዶ ጠጠር ይነሣና በማስመሪያ ይለካ፤ ማስመሪያ ከሌለ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ የዶሮ እንቁላል ተብሎ ይነገር። በአሜሪካ አንድ ነጎድጓድ «ከባድ» የሚባለው በረዶው 1 ኢንች፣ ማለት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ባቄላ የሚያህለውም ብዙ ከወረደ ዲቹንና ቱቦውን ደፍኖ ውሃውን ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል፤ ስለዚህ ከመጠኑ ጋር መሬቱን መሸፈን አለመሸፈኑም ይነገር።

ወንዙን መለካት

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቀውም እዚሁ ላይ ነው። ወረዳውን አስፈቅደው በበጋ፣ ውሃው በጎደለበት ወር፣ በድልድዩ ምሰሶ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ነጭና ቀይ ቀለም ያስቀቡ፤ በየግማሽ ሜትሩ ከመንገዱ ላይ ቆሞ የሚነበብ ትልቅ ቁጥር ይጻፍ። በጎርፍ ጊዜ ወደ ዳር ወርዶ ማንበብ ክልክል ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ያነሣል፤ 60 ሴንቲ ሜትሩ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ጠርጎ ይወስዳል። በጨለማ በጠንካራ የእጅ ባትሪ ከላይ ሆኖ ማየት ካልተቻለ «አላየሁም» ብሎ መዘገብ ነው፤ «አላየሁም» ሙሉ ዘገባ ነው።

አደገኛው ከፍታ የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ሁለት ምንጮች አሉ። አንደኛው ሽማግሌዎች ናቸው፤ «ያኔ ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር» ብለው በግድግዳ ላይ የሚያሳዩት የጭቃ መስመር በመስፈሪያው ይለካ። ሁለተኛው የራስዎ መዝገብ ነው። ነገር ግን ከከፍታው ይልቅ የጭማሪው ፍጥነት ይበልጥ ይናገራል፤ ቀስ ብሎ 1 ሜትር የደረሰ ወንዝና በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ከ40 ወደ 80 ሴንቲ ሜትር የዘለለ ወንዝ አንድ አይደሉም። ቁጥር ከማይናገራቸው ምልክቶች መካከል የውሃው ድንገት መደፍረስ፣ እንጨትና ቆሻሻ በብዛት ይዞ መምጣቱ፣ ከላይ በኩል የሚሰማ ጉምጉምታ ይገኙበታል። አንድ ምልክት ግን ብዙ ሰው ያታልላል፤ ዝናቡ ሳያባራ ውሃው በድንገት ቢቀንስ ደስ አይበልዎት። ከላይ ያለ ድልድይ ወይም ቱቦ በፌስታልና በግንድ ተደፍኖ ውሃው ከኋላው እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በአስቸኳይ የሚነገር ነው።

ከዚያ የመድረሻ ጊዜውን ይለኩ። ላይኛው ተመልካች ውሃው አንድ ምልክት ያለፈበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ታችኛውም ማዕበሉ እርሱ ዘንድ የደረሰበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ልዩነቱ ይሰላል። ይህ በአንድ ክረምት ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ከተደረገ በኋላ ለማስጠንቀቂያ የሚያዘው ቁጥር አማካዩ አይደለም፤ ከሁሉ አጭሩ ነው። አማካዩን የያዘ ቡድን ከጎርፎቹ ገሚሱ ላይ ሳይዘገይ አይቀርም።

ሬዲዮውና ግንኙነቱ

ለዚህ ሥራ የሚስማማው የሁለት ሜትር ሞገድ የሚባለው ነው፤ አፍሪካን በሚያካትተው ክልል ለአማተሮች የተመደበው ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ያለው ነው፤ 145.500 የመጠራሪያ ቻናል ሲሆን፣ ከተገናኙ በኋላ ወደ ሌላ ቻናል መሻገር የተለመደ ሥርዓት ነው። ይህ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ኮረብታ ጋረደው ማለት አበቃ ማለት ነው። ሜዳ ላይ በሰው ቁመት የተያዙ ሁለት የእጅ ሬዲዮዎች በስሌት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደራረሱ ይችላሉ፤ በኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች መካከል ግን አንዱን ኪሎ ሜትር ማለፍም ሊያቅታቸው ይችላል። አንዱን አንቴና 10 ሜትር ከፍ ማድረግ ኃይሉን ከ5 ዋት ወደ 50 ከማሳደግ ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል። ለ145 ሜጋ ኸርዝ የሚሆን የሩብ ሞገድ አንቴና ዘንጉ 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በብየዳ ዘንግ ሊሠራ ይችላል።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ በበጋ አንድ ቅዳሜ ይያዝና ሁሉም በየነጥቡ ቆሞ እርስ በርስ ይጠራራ። ማን ማንን ይሰማል የሚለው በሰንጠረዥ ይጻፍ። የማይሰማሙት ሁለቱ በ«ኮረብታ» በኩል መልእክት ይቀባበላሉ፤ ኮረብታ የሚሆነውም የግድ ተራራ ላይ መውጣት የለበትም፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወደ ወንዙ የዞረ መስኮት ያለው አባል ይበቃል።

መብራት በዝናብ መጀመሪያ እንደሚጠፋ ለዳርቻ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። ባትሪው ግን ይሰላ። ሲያዳምጥ 0.3፣ ሲያሰራጭ 1.5 አምፒር የሚወስድ ሬዲዮ ለ12 ሰዓት ቢከፈት፣ ከዚያም ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢናገር፣ በጠቅላላው 4.2 አምፒር ሰዓት ገደማ ይበላል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ 7 አምፒር ሰዓት ያለው አይበቃም፤ ባለ 12ቱ ያሳድራል።

መብረቅን በተመለከተ ድርድር የለም። ብልጭታውን አይተው ነጎድጓዱ እስኪሰማ ይቁጠሩ፤ ሰከንዱን ለ3 ሲያካፍሉት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያገኛሉ። ከ30 ሰከንድ ካነሰ የውጭው አንቴና ገመድ ተነቅሎ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ከጣሪያና ከሜዳም ይውረዱ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱ። በዚህ መካከል በእጅ ሬዲዮ፣ ቤት ውስጥ ሆነው፣ የሚደርሰውን ያህል ይናገሩ።

መልእክቱ

ከመናገር በፊት ይጻፍ። ቁልፉ ተጫነ፣ አንድ ሰከንድ ይታለፍ፣ ከዚያ ይነገር፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይበላል። ንግግሩ እንዲህ ያለ ይሁን («ኦቨር» ማለት ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው)፦

«ማዕከል፣ ማዕከል፣ ድልድይ ሁለት ነኝ። አስቸኳይ። ኦቨር።»

«ድልድይ ሁለት፣ ማዕከል ነኝ። ቀጥል። ኦቨር።»

«ትንሹ አቃቂ፣ ድልድይ ሁለት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ከፍታ አንድ፣ ስድስት፣ ዜሮ ሴንቲ ሜትር። በዐሥር ደቂቃ ሦስት፣ ዜሮ ጨምሯል። ከመለኪያው ያነበብኩት ነው። እዚህ ዝናብ የለም። ኦቨር።»

ማዕከል ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መልሶ ያነባል፤ «ትክክል ነው» ሳይባል አይመዘግብም። ቁጥሩ በአኃዝ የተነገረው በከንቱ አይደለም፤ በሚንጫጫ ሬዲዮ «አራት» እና «አርባ»፣ «ዘጠኝ» እና «ዘጠና»፣ «ስምንት» እና «ሰማንያ» ጭራቸው ሲቆረጥ አንድ ይሆናሉ። በአንድ ልምምዳችን አርባው አራት ተብሎ ተመዝግቦ ግማሽ ሰዓት ያህል ወንዙ ደርቋል ብለን ተቀምጠናል። «ከመለኪያው ያነበብኩት» የሚለው ሐረግ ከ«በግምት» እና ከ«ሰው ነግሮኝ» ይለያል፤ ሦስቱም ሊነገሩ ይችላሉ፣ ሳይለዩ መቅረት ግን የለባቸውም። ከሁሉም የሚበልጠው «እዚህ ዝናብ የለም» የሚለው ነው፤ ውሃው ከላይ የመጣ መሆኑንና የታችኛው ሰው ሰማዩን አይቶ ሊዘናጋ እንደሚችል በሦስት ቃል ይናገራል። የተመዘገበው የጥሪ ስምም በየጥቂት ደቂቃውና በመጨረሻ መነገር አለበት።

ሰዓትን በሚመለከት አማተሮች መዝገብ የሚይዙት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ለእኛ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ 3 ሲቀነስ የኛ ሰዓት ይገኛል፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ይቀነሳል፣ ከ1 ካነሰ 12 ይደመራል። 12:20 ላይ የተመዘገበ መልእክት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 የተነገረ ነው። በንግግር ጊዜ ግን ሁሉም በኢትዮጵያ ሰዓት ይናገር፤ ስልኩ ላይ በፈረንጅ ሰዓት የሚያነብ አባል ካለ ስድስት ሰዓት ይስታል።

ወደ ነዋሪው ማድረስ

ማዕከል መጀመሪያ ለኮሚሽኑና ለወረዳው ያሳውቃል። ወንዝ ዳር ላሉት ቤቶች መልእክቱን የሚያደርሰው የዕድሩ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ቤቱን፣ ታማሚውን፣ አራሷን ያውቃል። ጥሩምባ ለመጠቀም ከታሰበ ግን ድምፁ ከለቅሶው የተለየ እንዲሆን በጠቅላላ ጉባኤ ይስማሙበት፤ አለበለዚያ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ «ማን ሞተ?» እያለ ወደ ድልድዩ ይመጣል።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ቡድኑ መዝገቡን ይዞ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያው ዘገባ ስንት ሰዓት ተላከ፣ ማዕከል ስንት ሰዓት ተቀበለ፣ ወረዳው ስንት ሰዓት ሰማ፣ የመጨረሻው ቤት ስንት ሰዓት ተንኳኳ የሚሉት አራት ሰዓቶች ጎን ለጎን ይጻፉ። ከአራቱ መካከል ረጅሙ ክፍተት የት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚነሣውም እርሱ ብቻ ይሁን። ባትሪው ክረምት ካለፈ በኋላም በየወሩ ይሞላ፤ የምሰሶው ቀለም ውሃው ሲጎድል፣ ጥር ላይ፣ ይታደስ።